የኤሌክትሪክ አገልግሎት አስተዳደር በወልቂጤና በቡታጅራ

የኤሌክትሪክ አገልግሎት አስተዳደር በወልቂጤና በቡታጅራ የሁለቱ የጉራጌ ከተሞች ነዋሪዎች ኃይል የሚያገኙበት፣ ሂሳብ የሚከፍሉበትና አቤቱታ የሚያቀርቡበት ሥርዓት ሲሆን፣ የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ዘርፍ አጠቃላይ አደረጃጀት አካል ነው። በኢትዮጵያ ኃይል ማመንጨት፣ ማስተላለፍና ማከፋፈል በዋናነት የሚከናወነው በፌዴራል መንግሥት የልማት ድርጅቶች ነው። ፖሊሲ የሚያወጣው ሚኒስቴር፣ ፈቃድ የሚሰጠው ባለሥልጣን፣ ኃይል የሚያመነጨው ድርጅትና ለደንበኛው የሚያደርሰው ድርጅት ደግሞ የተለያዩ ናቸው። ከተሞቹ ውስጥ ያለው የአገልግሎት መስጫ ማዕከል የዚህ ሰንሰለት የመጨረሻው ቀለበት ነው። ዋጋ የመወሰን፣ ኃይል የማመንጨት ወይም ማከፋፈያ ጣቢያ የመገንባት ሥልጣን የለውም። የከተማና የዞን አስተዳደሮችም በአገልግሎቱ ላይ የማዘዝ ሥልጣን አልተሰጣቸውም፤ ሆኖም መብራት ሲጠፋ የነዋሪው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ወደ እነርሱ ነው።

በዚህ መጣጥፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከተሞቹ

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ ጅማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከዓለም ገና ወደ ሆሳዕና በሚያልፈው መንገድ ዳር ትገኛለች። ሁለቱን ከተሞች የጉራጌ ተራሮች ይለያዩአቸዋል። ከተራሮቹ ወደ ምዕራብ የሚወርደው የዋቤ ወንዝ ወደ ግቤ ሲገባ፣ በምሥራቁ በኩል ያለው የመቂ ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይፈስሳል።

ሁለቱም ከተሞች እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል፣ በጉራጌ ዞን ሥር ነበሩ። ክልሉ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲከፈል ወደ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተጠቃለሉ፤ ቡታጅራም አዲስ የተዋቀረው የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች። ይህ ለውጥ የክልልና የዞን መዋቅርን እንጂ የኤሌክትሪኩን ባለቤትነት አልነካም። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ መስመሩም ሆነ ቆጣሪው የፌዴራል ድርጅት ንብረት ነው።

የከተሞቹ ኑሮ በኤሌክትሪክ ላይ ያለው ጥገኝነት ከፍተኛ ነው። የእህልና የማረቆ በርበሬ ወፍጮዎች፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች፣ ሆቴሎች፣ ሆስፒታሎች፣ እንዲሁም በወልቂጤ አቅራቢያ ጉብሬ ላይ የሚገኘው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ያለ ኃይል መደበኛ ሥራቸውን ማከናወን አይችሉም። የጉድጓድ ውሃ የሚስበው ፓምፕም ስለሚቆም፣ ረዘም ያለ የኃይል መቋረጥ የውሃ እጥረትን ያስከትላል።

ታሪክ

ኤሌክትሪክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1890 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ያገለገለውም የዳግማዊ አፄ ምኒልክን ቤተ መንግሥት ነበር። ዘርፉን የሚመራ ሰፊ ተቋም የተፈጠረው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። በ1940 ዓ.ም. «የሸዋ ኤሌክትሪክ ኃይል» የተባለ ድርጅት ተቋቋመ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የሥራ ወሰኑ አገር አቀፍ ሆኖ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተባለ። «መብራት ኃይል» የሚለው መጠሪያ ከዚያ ዘመን የተወረሰ ነው። የድርጅቱ ስም ከአንድ ጊዜ በላይ ቢቀያየርም ሕዝቡ አሁንም የሚጠራው በዚሁ ነው።

የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ አዲስ አበባንና በአቅራቢያዋ ያሉ ከተሞችን የሚያገናኘው መስመር እየሰፋ ሄደ። ከዚህ መስመር የራቁ ከተሞች ለረጅም ጊዜ በናፍጣ ጄኔሬተር ይጠቀሙ ነበር። በመሆኑም ባለሥልጣኑ ሁለት ዓይነት አቅርቦት ያስተዳድር ነበር፤ አንደኛው እርስ በርስ የተያያዘው ዋና መስመር፣ ሌላው በየከተማው ለብቻው የሚሠራ የናፍጣ ጣቢያ። ዋናው መስመር እየተስፋፋ በሄደ ቁጥር የናፍጣ ጣቢያዎቹ ቁጥር ቀነሰ።

በ1989 ዓ.ም. ሁለት ለውጦች ተደረጉ። ባለሥልጣኑ በደንብ ቁጥር 18/1989 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በአዋጅ ቁጥር 86/1989 ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኤጀንሲ፣ ተቋቋመ። ይሁንና ተቆጣጣሪው የሚቆጣጠረው ከማመንጨት እስከ ቆጣሪ ንባብ ሁሉን የሚሠራ አንድ የመንግሥት ድርጅትን ነበር። በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 317/1995 የገጠር ኤሌክትሪፊኬሽን ፈንድ ተቋቋመ። በ1998 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማስፋፊያ ፕሮግራም በአገሪቱ ያሉ በርካታ የወረዳ ከተሞችንና የገጠር ቀበሌዎችን ከዋናው መስመር ጋር አገናኘ።

በ2006 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ ለሁለት ተከፈለ። በደንብ ቁጥር 302/2006 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ በደንብ ቁጥር 303/2006 ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተቋቋሙ። በዚያው ጊዜ የአገልግሎቱ ሥራ አመራር የሕንድ መንግሥት ኩባንያ ለሆነው ፓወር ግሪድ ኮርፖሬሽን በውል ተሰጥቶ ነበር፤ የውሉ ዘመን ሲያበቃ አመራሩ ወደ ኢትዮጵያውያን ተመልሷል።

የሕግ ማዕቀፍና ተቋማት

የዘርፉ መሠረታዊ ሕግ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 1085/2010 ተሻሽሏል። ከእነዚህ በላይ ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ከአንድ ክልል በላይ የሚያገናኙ ወንዞችንና ሐይቆችን አጠቃቀም የመወሰንና የማስተዳደር ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚገኝ በመሆኑ ይህ ድንጋጌ የዘርፉን ዋና ሀብት በፌዴራል እጅ ያደርገዋል። የዋቤ ውሃ ከጉራጌ ተራሮች ቢነሣም በግቤና በኦሞ ላይ ስለሚሠሩ ግድቦች የሚወስነው ዞኑ ወይም ክልሉ ሳይሆን የፌዴራል መንግሥት ነው።

የሥራ ክፍፍሉ እንደሚከተለው ነው፦

የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር፦ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 አሁን ያለውን ስያሜ ያገኘ ሲሆን፣ ፖሊሲና አገር አቀፍ የኤሌክትሪፊኬሽን ዕቅድ ያዘጋጃል።

የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን፦ በ2006 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ኤጀንሲን የተካው የኢነርጂ ባለሥልጣን በ2014 ዓ.ም. ከነዳጅ ተቆጣጣሪው ጋር ተዋህዶ የተፈጠረ ነው። የማመንጨት፣ የማስተላለፍ፣ የማከፋፈልና የመሸጥ ፈቃድ ይሰጣል። የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጮችንና ባለሙያዎችን ብቃት ያረጋግጣል፣ የደኅንነትና የጥራት ደረጃዎችን መከበር ይከታተላል፣ የታሪፍ ጥያቄ ይመረምራል።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፦ ግድቦችን፣ የንፋስና ሌሎች ማመንጫዎችን፣ ከፍተኛ የማስተላለፊያ መስመሮችንና ማከፋፈያ ጣቢያዎችን ይገነባል፣ ያስተዳድራል። ኃይልን በጅምላ ለአገር ውስጥ አከፋፋይ ይሸጣል፤ ለጎረቤት አገሮችም ያቀርባል።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት፦ ከማከፋፈያ ጣቢያ የሚረከበውን ኃይል በስርጭት መስመር ወደ ቤትና ወደ ድርጅት ያደርሳል፣ ቆጣሪ ይተክላል፣ ሂሳብ ይሰበስባል። አደረጃጀቱ ከዋናው መሥሪያ ቤት ወደ ሪጅን፣ ወደ ዲስትሪክት፣ ከዚያም ወደ ደንበኞች አገልግሎት መስጫ ማዕከል ይወርዳል።

በዚህ አደረጃጀት መንግሥት በአንድ ጊዜ የፖሊሲ አውጪ፣ የድርጅቶቹ ባለቤትና የዋጋ አጽዳቂ ነው። ተቆጣጣሪው በሕግ ከድርጅቶቹ ቢለይም የሚቆጣጠረው የራሱን የመንግሥት ድርጅቶች ስለሆነ፣ የነጻነቱ መጠን በዘርፉ ማሻሻያ ላይ ከሚነሡ ዋና ጥያቄዎች አንዱ ነው።

ኃይሉ ወደ ከተሞቹ የሚደርስበት መንገድ

ለወልቂጤ ቅርብ ከሆኑት ትላልቅ ማመንጫዎች መካከል በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ግቤ 1 እና በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 420 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ግቤ 2 ይገኙባቸዋል። ግልገል ግቤ 2 የራሱ ትልቅ ግድብ የለውም፤ ከግልገል ግቤ 1 የተለቀቀውን ውሃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ተቀብሎ ይጠቀማል። ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ በኦሞ ላይ የሚገኘው 1,870 ሜጋ ዋት አቅም ያለው ግቤ 3 በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል።

ለማመንጫ ቅርብ መሆን ግን አስተማማኝ መብራት ማግኘት ማለት አይደለም። ሁሉም ማመንጫዎች ኃይላቸውን የሚያስገቡት ወደ አንድ ብሔራዊ የኃይል ቋት ነው፤ ከዚያ ለየትኛው አካባቢ ምን ያህል እንደሚለቀቅ የሚመራው በአዲስ አበባ ካለው የኃይል መቆጣጠሪያ ማዕከል ነው። በከፍተኛ ቮልቴጅ የመጣው ኃይል በማከፋፈያ ጣቢያ ዝቅ ተደርጎ በ33 ወይም በ15 ኪሎ ቮልት የስርጭት መስመር ይጓዛል። በየሰፈሩ የተተከለው ትራንስፎርመር ደግሞ ለቤት አገልግሎት ወደሚውለው 220 ቮልት ያወርደዋል። ከማመንጫው እስከ ማከፋፈያ ጣቢያው ያለው የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ከዚያ በኋላ እስከ ቆጣሪው ያለው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ኃላፊነት ነው።

የዚህ ማዕከላዊነት ትርጉም በ2011 ዓ.ም. በግልጽ ታይቷል። በግቤ 3 ግድብ የገባው ውሃ ከሚጠበቀው በታች በመሆኑ በግንቦት ወር መንግሥት አገር አቀፍ የመብራት ፈረቃ አወጀ፤ ወደ ሱዳንና ወደ ጅቡቲ የሚላከውም ኃይል ተቋርጦ ነበር። ፈረቃው እስከ ክረምቱ መግቢያ ቆየ። ከተሞቹ በራሳቸው መስመር ላይ ምንም ብልሽት ሳይኖር ኃይል ያጡበት ወቅት ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የአገሪቱን የማመንጨት አቅም በእጅጉ ከፍ አድርጓል። ይሁንና ያረጀ የእንጨት ምሰሶ፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነ ትራንስፎርመር ወይም የቀጠነ ሽቦ ያለበት ሰፈር ከግድቡ ኃይል ሙሉ ጥቅም ሊያገኝ የሚችለው የስርጭት መስመሩ ሲታደስ ነው።

ታሪፍ

በኢነርጂ አዋጁ መሠረት የብሔራዊ ቋቱ ታሪፍ የሚወሰነው በደረጃ ነው። ድርጅቱ ጥያቄ ያቀርባል፣ ባለሥልጣኑ መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፣ መንግሥት ያጸድቃል። የጸደቀው ዋጋ በመላ አገሪቱ አንድ ነው፤ የቡታጅራ ነዋሪ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፍለው የአዲስ አበባ ነዋሪ ከሚከፍለው አይለይም።

ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይለወጥ የቆየው ታሪፍ በ2011 ዓ.ም. በአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደረገ። ጭማሪው ሲጠናቀቅ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ የሚከፍለው በቀድሞው 0.273 ብር ሲቀር፣ ከ500 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ለሚጠቀም የመኖሪያ ቤት ዋጋው 2.481 ብር ደረሰ። ዓላማው አነስተኛ ተጠቃሚን እየደጎሙ የአገልግሎቱን ወጪ መሸፈን ነበር። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገዙ ትራንስፎርመሮች፣ ቆጣሪዎችና ሽቦዎች በብር ሲሰሉ ዋጋቸው ናረ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት የሚቆይ አዲስ ታሪፍ ሥራ ላይ ውሏል።

የአንድ ዋጋ ሥርዓት ሁለት ገጽታ አለው። ሩቅና አነስተኛ ከተሞች ከትልልቆቹ የበለጠ እንዳይከፍሉ ይጠብቃል። በሌላ በኩል ዋጋው ከአገልግሎቱ ጥራት ጋር አይያያዝም፤ መብራት በተደጋጋሚ የሚቋረጥበት ሰፈር ቅናሽ አያገኝም፣ የከተማው ሕዝብ የተሻለ መስመር ለማግኘት የበለጠ ልክፈል ቢልም የሚወስንበት መድረክ የለም።

የአካባቢ አስተዳደር ድርሻ

የከተማና የወረዳ አስተዳደሮች በኤሌክትሪክ ዘርፍ የተሰጣቸው ሚና ደጋፊ ነው። ለማከፋፈያ ጣቢያ፣ ለምሰሶና ለትራንስፎርመር የሚያስፈልገውን ቦታ ያዘጋጃሉ። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት የካሣ ግምቱን ያስፈጽማሉ። በጉራጌ ይህ ጉዳይ ክብደት አለው፤ በማስተላለፊያ መስመር ክልል ሥር የሚገባው እንሰት ወይም ባሕር ዛፍ ለቤተሰቡ ምግብም ገቢም ነው። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ስለሚፈጅ የአንድ ዓመት ምርት ብቻ የሚተካ ካሣ ባለይዞታውን አይመልሰውም።

አዲስ መንገድ ሲከፈት ምሰሶ የማንሣቱን ሥራ ማስተባበር፣ የመንገድ መብራት መከታተልና የመስመር ስርቆትን መከላከልም በአካባቢው አስተዳደር ላይ ይወድቃል። በኤሌክትሪክ አውታሮች ላይ የሚፈጸም ጥፋት በአዋጅ ቁጥር 464/1997 በተለየ ሁኔታ ያስቀጣል። እነዚህ ሁሉ ኃላፊነቶች ናቸው፤ በአንጻሩ አስተዳደሩ አንድን ሰፈር አስቀድመህ አገናኝ፣ ይህን ትራንስፎርመር ለውጥ ብሎ አገልግሎቱን የማዘዝ ሥልጣን የለውም። የሚችለው መጠየቅና ማስተባበር ነው።

መቆራረጥና የአቤቱታ መንገድ

መብራት ሲጠፋ ምክንያቱ ከሦስት ቦታዎች በአንዱ ሊሆን ይችላል። አንድ ቤት ብቻ ከጠፋበት ችግሩ ብዙውን ጊዜ በቆጣሪው ወይም ወደ ቤት በገባው ሽቦ ላይ ነው። አንድ ሰፈር ከጠፋ ትራንስፎርመሩ ወይም የስርጭት መስመሩ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁለቱ በኤሌክትሪክ አገልግሎት የሚታዩ ናቸው። ከተማው በሙሉና አጎራባች ከተሞች አንድ ላይ ከጠፉ ግን ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በማከፋፈያ ጣቢያው፣ በማስተላለፊያ መስመሩ ወይም በብሔራዊ ቋቱ ላይ ስለሚሆን ጥገናው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። የከተማው አገልግሎት መስጫ ማዕከል በዚህ ጊዜ መጠበቅና መረጃ መስጠት እንጂ መጠገን አይችልም።

ደንበኛ ብልሽትን ለማዕከሉ በአካል ወይም በ905 የስልክ መስመር ማስታወቅ ይችላል። መልስ ካጣ አቤቱታው ወደ ዲስትሪክት፣ ከዚያም ወደ ሪጅንና ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። በባለፈቃዱና በደንበኛው መካከል ያለው አለመግባባት በድርጅቱ ውስጥ ካልተፈታ ለባለሥልጣኑ ሊቀርብ ይችላል። ቅሬታን በጽሑፍ ማቅረብ፣ የደረሰበትን ቀን ማስመዝገብና የቆጣሪ ቁጥር መጥቀስ ጉዳዩ ወደ ላይ ሲያልፍ እንዳይጠፋ ይረዳል።

በከተሞቹ ዙሪያ ያለው ገጠር

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የብሔራዊ ኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ሁለተኛ ክፍል እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ዜጋ ኤሌክትሪክ ለማዳረስ አቅዶ ነበር፤ 65 በመቶው በዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ከመስመሩ ውጭ እንደ ፀሐይ ባሉ አማራጮች። በዓለም ባንክ አኃዝ መሠረት በ2022 እ.ኤ.አ. ኤሌክትሪክ ያገኘው የአገሪቱ ሕዝብ 55 በመቶ ገደማ ነበር። መስመር በመንደር በኩል ማለፉና ቤቶች መገናኘታቸውም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ትራንስፎርመር፣ ቆጣሪና የመግቢያ ሽቦ ካልተሟላ መስመሩ ከጣሪያ በላይ ያልፋል እንጂ ወደ ቤት አይገባም።

በሰባት ቤት ጉራጌ የተለመደው የጀፎረ አሠፋፈር ቤቶችን በአንድ ሰፊ የሣር ጎዳና ግራና ቀኝ ስለሚያሰልፍ፣ ከተበታተነ አሠፋፈር ይልቅ ለዝቅተኛ ቮልቴጅ መስመር ይመቻል። ጀፎረ የሸንጎ፣ የለቅሶና የበዓል የጋራ ቦታ በመሆኑ ግን ምሰሶ የሚተከልበት ስፍራ ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር መነጋገርን ይጠይቃል።

ከዋናው መስመር ውጭ ለሚሠሩ አነስተኛ አውታሮች ሕጉ የተለየ መንገድ አስቀምጧል። የግል ድርጅቶችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ፈቃድ አውጥተው መሥራት ይችላሉ፤ ታሪፋቸውንም የሚያጸድቀው መንግሥት ሳይሆን ባለሥልጣኑ ራሱ ነው። ዋጋው ወጪን የሚሸፍን ስለሚሆን ከብሔራዊ ቋቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

የግል ባለሀብት ተሳትፎ

የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 የግል ኩባንያዎች በማመንጨት እንዲሳተፉ በር ከፍቷል። በዚህ አሠራር ኩባንያው ያመነጨውን ኃይል ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በረጅም ጊዜ ውል ይሸጣል፤ በቀጥታ ለከተማ ነዋሪ አይሸጥም። በ2010 ዓ.ም. ለቱሉ ሞዬና ለኮርቤቲ የከርሰ ምድር እንፋሎት ፕሮጀክቶች የግዢ ውሎች ተፈርመዋል። የባለሀብቶች ዋና ጥያቄዎች የውጭ ምንዛሪ አቅርቦትና የገዢው የመክፈል አቅም ናቸው፤ ሁለቱም ወደ ታሪፍ ጉዳይ ይመለሳሉ።

ከሌሎች አገሮች ጋር ሲነጻጸር

በኬንያ የ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት የኤሌክትሪክ ስርጭት ዕቅድን ከካውንቲዎች ተግባራት መካከል ጠቅሶታል። በደቡብ አፍሪካ በርካታ ማዘጋጃ ቤቶች ከኤስኮም ኃይል በጅምላ ገዝተው ለነዋሪው ራሳቸው ይሸጣሉ፤ በዚህም የከተማው ምክር ቤት በቀጥታ ተጠያቂ ይሆናል፣ ሆኖም ብዙዎቹ ለኤስኮም ከፍተኛ ዕዳ አለባቸው። ኡጋንዳ በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ዘርፉን ከፋፍላ ስርጭቱን በ2005 እ.ኤ.አ. ኡሜሜ ለተባለ የግል ኩባንያ በኮንሴሽን ሰጠች፤ ውሉ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ሲያበቃ ሥራው ወደ መንግሥት ድርጅት ተመልሷል።

ኢትዮጵያ ከእነዚህ መንገዶች አንዱንም ሙሉ በሙሉ አልተከተለችም። ማመንጨትንና ማከፋፈልን ለይታለች፣ ሁለቱንም ግን በፌዴራል መንግሥት ባለቤትነት ሥር አቆይታለች። በወልቂጤና በቡታጅራ ይህ ምርጫ የታሪፍ እኩልነትንና ለአንድ ከተማ ብቻውን የማይቻል የትላልቅ ማመንጫዎች ኃይል ተጠቃሚነትን አስገኝቷል። በአንጻሩ ለነዋሪው ቅርብ የሆነው አካል ውሳኔ የሚሰጥ ሥልጣን የሌለው፣ ውሳኔ የሚሰጠው አካል ደግሞ ከነዋሪው የራቀ እንዲሆን አድርጓል።